ሁለት ማዳበሪያ

በጥር መጨረሻ፣ ከወፍጮው ቤት በር ላይ፣
ወረቀት ተለጥፎ፣ ማኅተሙ የሚታይ፦
«ለፍኖተ ሰላም ለቀበሌ ሁለት
ነዋሪ በሙሉ፤ ከመጪው የካቲት
ጋሪው መምጣት ቀርቶ መኪና ይመጣል፤
በየአሥራ አምስት ቀን ሐሙስ ጧት ይቆማል፣
ከአስፋልቱ መታጠፊያ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል።
ቆሻሻው በሁለት ማዳበሪያ ይከፈል፤
የሚበሰብሰው ከማይበሰብሰው አይቀላቀል።
ሂሳቡም ከውሃው ጋር በየወሩ ይከፈል።»

ጠርጌ መነጽሬን ደግሜ አየሁት።
«ይከፈል» የሚል ቃል ሁለቴ አለበት፤
አንዱ ለቆሻሻው፣ አንዱ ለኪሳችን፤
ጸሐፊው ሳያስብ ቅኔ ዘረፈልን።

እኔ ግን ያሰብኩት ባንቺአምላክን ነበር።

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞ በመጣ፣
በፊሽካ ቀስቅሳ ሰፈር ስታስወጣ፣
ማንም ሳይነግራት አወቀች ጓዳውን፤
ጉድፉን የጣለ ሰው ጣለላት ጉዱን።

ያቶ ይበልጣልን፣ በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣
የእንቁላል ቅርፊት ከአመድ ሥር አግኝታ፣
ግራ ቀኝ አየችና፣ ከጋሪዋ ዘግና
አንድ እፍኝ አመድ ጨምራ
አለፈች በዝምታ።
ያየኋት እኔ ነኝ፣ ከአጥሩ ቀዳዳ።

የእትዬ የሺመቤትን ከረጢት አንሥታ፣
«ይኼማ ቀለለ» አለች። በሩን አንኳኩታ፣
ገብታ አገኘቻቸው፣ ከመደብ ሥር ወድቀው፣
ሦስት ቀን ሳይቀምሱ፣ ሰው እስኪመጣ ጠብቀው።

የእኔንም የጡረታ ደብተር፣ ከሽንኩርት ልጣጭ መሐል፣
አራግፋ ሰጠችኝ፦ «ጋሽ አየነው፣ ይኼ እንኳ አይጣል!»

የካቲት ገባና ሁለት ማዳበሪያ
ሰቀልኩ ከምስማር ላይ፤ ልጣጭ ወዲህ፣ ሃይላንድ ወዲያ።
አመድስ? ይበሰብሳል? የባትሪ ድንጋይስ?
ቀበሌ ብጠይቅ «ሰብሳቢው የሉም» አሉኝ፤ ሰኞ ልመለስ።
የስንዱ ነጠላ ጫማ፣ ማሰሪያው የተበጠሰ፣
ሦስት ዓመት ከአልጋ ሥር አቧራ የለበሰ፣
አወጣሁት ልለየው፤ ከዚህ አልሆን አለ ከዚያ።
መለስኩት። ሦስተኛ ያስፈልገው ነበር ማዳበሪያ።

እውነቱ ይነገር፦ ሰፈሩ ተሻለው።
ከላህ ወንዝ ዳር ሆኖ ላስቲክ የሚነደው
ጭሱ ጠፍቷል አሁን። ቦዩም ሲዘንብ ውሃ ብቻ ይወርዳል።
«ልዋጭ» ባዮቹ ልጆች ናቸው የሚራገሙት፤
ሃይላንዱን ሁሉ መኪና ይበላል።
ባንቺአምላክም ተቀጠረች፤ ቡትስ ጫማ፣ ጓንት፣
ደመወዟ በባንክ።
ያ በጋሪ የጎበጠ ወገብ
ከመኪናው ጀርባ ቀና ብሎ ባየው
እሰይ አልኩ። እሰይ ነው።

ሾፌሩ አንሙት ግን ጡሩምባ ነው ቋንቋው፤
ሩብ ሰዓት ሲባል ስምንት ደቂቃ ነው።
ሰው ከነከረጢቱ ይሮጣል፤ ማን ማንን ያያል?
የአንዱ ጉድ ከሌላው ጉድ ጋር፣ ስም የለው፣ ይጫናል።

ከዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው ሐሙስ፣
እኔም ተሰልፌ፣ ተራዬ ሲደርስ፣
ማዳበሪያዬን ተቀብላ፣ ልትወረውር ወደ ላይ፣
እጇ ቆመ ካየር ላይ።
በሁለት ጣት ብቻ ከፍ ዝቅ አደረገችው።
«ጋሽ አየነው፣ ይኼማ...»
ጨርሳ አልተናገረችው።
አንሙት ጡሩምባውን ነፋ። ከኋላ ያሉት ገፉኝ።
«ጾም ነው» አልኳት እኔ፣ በዚያ በበዓለ ሃምሳ፣
ቄሱ እንኳ በማይጾሙበት፣ በየቤቱ ቅቤ ሲነጠር።

ዘግየት ብላ አየችኝ። ከንፈሯን ገጠመች።
አንድ እፍኝ አመድ ያህል ዝምታ ጨመረች።